ከፍላስክ የወጡ የኦርኪድ ችግኞችን ከሻጋታ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ከፍላስክ፣ ማለትም ዘሩ ከበቀለበት ዝግ ጠርሙስ፣ የወጣ የኦርኪድ ችግኝ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በሻጋታ ነው። ሻጋታውን የሚጠራው ደግሞ ችግኙን ያሳደገው ስኳር ነው። የኦርኪድ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ባቄላና ስንዴ ለፅንሳቸው የሚይዙትን ስንቅ አልያዘም። በዱር የሚበቅለው ወደ ውስጡ የገባ ፈንገስ ሲመግበው ብቻ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1899 ፈረንሳዊው ኖኤል ቤርናር ደረሰበት፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ደግሞ በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ክኑድሰን ፈንገሱን በስኳር መተካት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ የኦርኪድ ዘር ከተሕዋስያን በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ፣ ስኳርና ማዕድናት በተቀላቀሉበት አጋር (ከባሕር አልጌ በሚሠራ እንደ ጄሊ የረጋ ነገር) ላይ ይዘራል። ክኑድሰን ሲ የሚባለው የታወቀ ቀመር በአንድ ሊትር 20 ግራም ስኳር አለው። ጠርሙሱ እስከተዘጋ ድረስ ማዕዱ የችግኙ ብቻ ነው። ሲከፈት ግን በአየር ላይ የሚንሳፈፍ የሻጋታ ዘር ሁሉ ይታደምበታል።

ብዙ ሰው ሻጋታ ሲያይ ወደ መድኃኒት ይሮጣል። እኔ የምለው ግን መድኃኒቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ ነው፤ አጋሩን አጥርቶ ያጠበና አየሩን ያንቀሳቀሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አያስፈልገውም። የሚከተሉት እርምጃዎች በየአበባ መሸጫው ለምናየው ሰፊ ቅጠል ላለው ፋሌኖፕሲስ የተጻፉ ናቸው፤ ዴንድሮቢየምና ካትሊያ ለሚባሉት ሌሎች የኦርኪድ ዓይነቶችም ከጥቂት ልዩነት በቀር ያገለግላሉ።

1. ፍላስኩን ሳይከፍቱ ይመርምሩ

በመጀመሪያ ጀማሪን ሁሉ የሚያስደነግጠውን ነገር ላንሳ። በፍላስክ ውስጥ ያለ ሥር ብዙ ጊዜ ነጭ ጸጉር ያበቅላል። ይህ የሥር ጸጉር እንጂ ሻጋታ አይደለም። ከሥሩ ላይ ብቻ ይወጣል፣ ርዝመቱ ተቀራራቢ ነው፣ ባለበትም ይቆያል። ሻጋታ ግን በአጋሩ ላይ ይንሰራፋል፣ ቅጠል ላይ ይወጣል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ወደ አረንጓዴ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ይለወጣል። ከተጠራጠሩ የነጩን ነገር ጠርዝ በጠርሙሱ ላይ በማርከር ያስምሩና በማግስቱ ይመልከቱ፤ መስመሩን አልፎ ካገኙት ሻጋታ ነው። የሚያብረቀርቅ ልጋግ ካዩ ደግሞ ባክቴሪያ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ጤነኛ ፍላስክ ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ብሩህ ቦታ ለጥቂት ቀናት ይረፍ። የተዘጋ ጠርሙስ ፀሐይ ካገኘው ውስጡ ያለውን ይቀቅለዋል። አጋሩ በጉዞ ተሰባብሮ ችግኞቹ ተገለባብጠው ከደረሱ ግን ብዙ ሳይቆዩ ማውጣት ይሻላል።

ሻጋታ የያዘው ፍላስክ ውስጥ ያሉት ችግኞች ሁለት ሦስት ቅጠልና ሥር ካላቸው በዚያው ቀን ይውጡ። ገና ጥቃቅን ከሆኑ እነሱን ማዳን የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ የመትረፍ ዕድላቸው ጠባብ ነው። የሻገተ ፍላስክ ሌሎች ተክሎች ባሉበት ክፍል ፈጽሞ አይክፈቱ። ወደ ውጭ ይውሰዱት፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ክዳኑን እንዳነሡም ወዲያው ውሃ ይሙሉበት። የራሰ የሻጋታ ዱቄት በቀላሉ አይበንም።

2. ወቅቱን ይምረጡ፣ ዕቃውን ያዘጋጁ

ቀኑ እየረዘመና እየሞቀ ሲሄድ የወጣ ችግኝ ቶሎ አዲስ ሥር ያወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ የካቲትና መጋቢት ጥሩ ናቸው፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ብርዱ፣ ደመናውና እርጥበቱ አንድ ላይ ስለሚመጡ ለሻጋታ የተመቹ ወራት ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ወይም በአውሮፓ የምትኖሩ ጸደይን ጠብቁ።

ያገለገለ መትከያ በሳሙና ታጥቦ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበጠበጠበት ለግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፍ፤ ከዚያም በብዙ ውሃ ይለቅለቅ። ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ የደረቀ የረግረግ ሽበት) የሚጠቀሙ ከሆነ የፈላ ውሃ ያፍስሱበትና ሲቀዘቅዝ ይጭመቁት። በመጨረሻ ሲጨብጡት ውሃ የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። ደቃቅ የዛፍ ቅርፊት ከከሰልና ፐርላይት ከሚባለው ቀላል ነጭ የማዕድን ጠጠር ጋር መቀላቀልም ይቻላል። ሞስ እርጥበት ይይዛል፣ ቅርፊት አየር ያሳልፋል፤ ውሃ ማጠጣት ለሚያበዛ ሰው ቅርፊቱ ይሻለዋል።

3. ያውጡ፣ ከዚያም ደጋግመው ይጠቡ

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚፈልገው ይህ ነው። ለብ ያለ ውሃ ወደ ፍላስኩ ያፍስሱና በቀስታ ያሽከርክሩት፤ አጋሩ ሲላላ ችግኞቹን ከውሃው ጋር ወደ ሳፋ ይገልብጡ። አንገቱ የጠበበ የመስታወት ጠርሙስ ከሆነ በብዙ ጋዜጣ ጠቅልለው በመዶሻ መታ ማድረግ ሥሮቹን ከመጎተት ያድናል፤ ጓንት ያድርጉ፣ ስብርባሪውንም በጥንቃቄ ይልቀሙ።

ሦስት ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ያዘጋጁ። በመጀመሪያው ትልልቁ የአጋር ቁራጭ ይለቃል። በሁለተኛው ችግኙን በጣትዎ ይዘው በሥሮቹ መካከል የተደበቀውን ያወጣሉ፤ ለስላሳ ብሩሽ ወይም ወረንጦ ይረዳል። ሦስተኛው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን። አጋር በውሃ ውስጥ ስለማይታይ በዓይን ብቻ አይመኑ፤ ሥሩን በጣትዎ ያሻሹት። የሚያንሸራትት ነገር እስካለ ድረስ ስኳሩ አልለቀቀም። ሥሮች ተጠላልፈው ካልላቀቁ በኃይል አይለያዩዋቸው። የተቀነጠሰ ሥር ለበሽታ በር ስለሚከፍት እንደተያያዙ አብሮ መትከል ይመረጣል።

ቡናማና የለሰለሰ ቅጠል ወይም ሥር በእሳት በተለበለበና በቀዘቀዘ መቀስ ይቆረጥ። ሻጋታ ከስኳር ቀጥሎ የሚመገበው የሞተ ሕዋስ ነው። ትንንሾቹን ችግኞች አይጣሉ፤ በመጠን ለይተው ለብቻቸው ይትከሏቸው።

ሲጨርሱ በንጹሕ ሶፍት ላይ ዘርግተው ላያቸው እስኪጠፈፍ ጥላ ውስጥ ይተዋቸው። አጋር የነካውን ሶፍትና የታጠበበትን ውሃ ወዲያውኑ ከክፍሉ ያስወግዱ።

4. ይትከሉ

ብዙዎቹን በአንድ መትከያ መትከል ከየብቻ መትከል ይሻላል፤ እርጥበቱ ወጥ ይሆናል፣ ቦታም ይቆጥባል። ሥሩ ይሸፈን፤ ቅጠሎቹ የሚነሡበት አንገት ግን ከሞሱ በላይ ይሁን። የተቀበረ አንገት ይበሰብሳል። ቅጠሎች እንዳይደራረቡም በመካከላቸው ክፍተት ይተዉ።

5. እርጥበትና አየር

አስቸጋሪው ሚዛን እዚህ ላይ ነው። ፍላስክ ውስጥ ያደገ ቅጠል የሚሸፍነው ሰም ስስ ነው፤ የቅጠሉ ቀዳዳዎችም እንደሚገባ መዘጋት ገና አልለመዱም። ስለዚህ በደረቅ አየር በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል። እንዳይጠወልግ ብለው አፍነው ቢሸፍኑት ደግሞ ሻጋታው ይቀድማል። መፍትሔው እርጥብ ሆኖ የሚንቀሳቀስ አየር ነው።

መትከያውን በግልጽ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ፤ ጎኑን ጥቂት ቦታ ይብሱት። በመጀመሪያው ሳምንት በየማለዳው ክዳኑን ለአጭር ጊዜ ያንሡ። ከዚያ ክፍተቱን እያሰፉ ሄደው በወር ገደማ ክዳኑን ጨርሰው ያውርዱ። ቅጠል ከጠወለገ አንድ እርምጃ ይመለሱ። ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሥራ፤ ነፋሱ ችግኙን በቀጥታ ሳይመታ አየሩን ብቻ ያንቀሳቅስ። ከአንድ ማራገቢያ ይልቅ የመድኃኒት ብልቃጥ የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን ያለቦታው አውጥተዋል ብዬ አምናለሁ።

ውሃ በጠዋት ብቻ ይጠጣ። ሌሊቱን በቅጠል መሐል ተኝቶ የሚያድር ጠብታ የመበስበስ መነሻ ነው። ሙቀቱ ሌሊት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ባይወርድ ይመረጣል።

6. ሻጋታ ከታየ

መጀመሪያ የቱ እንደሆነ ይለዩ። በሞስ ወይም በቅርፊት ላይ የሚታይ ነጭ ድር ብዙውን ጊዜ የሚበላው የሞተውን እንጨት ነው፤ በሕይወት ያለውን ችግኝ አያጠቃም። ያንን ቦታ በማንኪያ ያንሡ፣ አየር ይጨምሩ። ድሩ ወፍሮ ቅርፊቱ ውሃ መቀበል እምቢ ካለ ግን ሥሮቹ ይጠማሉና በአዲስ ቅርፊት ይትከሉ። ግራጫ ብናኝ በሞተ ቅጠል ላይ ከታየ ቦትራይተስ የሚባለው ሻጋታ ሊሆን ይችላል፤ ቅጠሉን ማስወገድ፣ ቦታውን ማሞቅና እርጥበቱን መቀነስ ይበቃዋል።

አደገኛው ከአንገት የሚነሣው ነው። ውሃ ያዘለ ቡናማ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ታይቶ በአንድ ሁለት ቀን ችግኙን የሚጥል ከሆነ ፒቲየም ወይም ፋይቶፍቶራ የሚባል ፈንገስ መሰል ተሕዋስ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ገበሬ የድንች ዋግ ብሎ የሚያውቀውን በሽታ የሚያመጣውም አንድ የፋይቶፍቶራ ዝርያ ነው። የታመመውን ችግኝና በዙሪያው ያለውን ሞስ ወዲያውኑ ያውጡ፣ ጎረቤቶቹን ለይተው በአዲስ ሞስ ይትከሉ፣ ውሃውንም ይቀንሱ። እነዚህ ሁለቱ እውነተኛ ፈንገሶች ስላልሆኑ ቲዮፋኔት ሜቲል የመሰለ የፈንገስ መድኃኒት አይነካቸውም። ሜታላክሲል ያለበት፣ ድንችና ቲማቲም አምራቾች የሚጠቀሙበት ሪዶሚል ግን በዚህ በኩል ይሠራል። በመለያው ላይ ከተጻፈው መጠን አይለፉ፣ በጥቂት ችግኞች ሞክረው ጥቂት ቀናት ይጠብቁ፣ ከቤት ውጭ በጓንትና በጭምብል ይርጩ። መዳብ ያለበትን መድኃኒት ለዴንድሮቢየም አይጠቀሙ፤ ያቃጥለዋል።

ሦስት በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በሞስ ላይ ያለውን ሻጋታ ሲነካ ይንተከተካል፣ ላዩንም ያጸዳል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚበተን ዘላቂ ጥበቃ አይሰጥም፤ ቢደጋገምም ለጋ ሥር ይጎዳል። የቀረፋ ዱቄት በተቆረጠ ቅጠል ላይ ጥሩ ነው። ሥር ላይ ግን አይነስንሱት፣ ያደርቀዋል።

በእርጥብ ሞስ ላይ የሚበሩ ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ካዩም ችላ አይበሉ። እጮቻቸው ለጋ ሥር ይበላሉ፣ የበሽታ ዘርም ከመትከያ ወደ መትከያ ያደርሳሉ። ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀት ይስቀሉ፣ የሞሱ ላይም በሁለት ውሃ መካከል እስኪጠፈፍ ይጠብቁ። ማዳበሪያ የሚጀመረው አዲስ ሥር አረንጓዴ ጫፉን ሲያወጣ ነው፤ ያኔም በመለያው ላይ ከተጻፈው ሩብ ብቻ ይበጥብጡ።