ኤስካሌተር ከመበላሸቱ በፊት እንዴት ይጠበቃል?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1987 በለንደኑ የኪንግስ ክሮስ የምድር ባቡር ጣቢያ የተነሣው እሳት 31 ሰው ገድሏል። መነሻው በእንጨት ኤስካሌተር ጎን ባለው ክፍተት ሾልኮ የወደቀ የክብሪት እንጨት ነው። ያረፈውም ለዓመታት ሳይጸዳ በተጠራቀመ ግራሶ፣ ወረቀትና ብናኝ ላይ ነበር። የዛሬዎቹ ደረጃዎች ብረት ቢሆኑም ከሥራቸው ቆሻሻ መከማቸቱ አልቀረም። ስለ ጥገና ሲነሣ ሁሉም ሞተሩን ያስባል፤ እኔ ግን ከሞተሩ መጥረጊያውን አስቀድማለሁ።

መጀመሪያ፦ የጠዋት ፍተሻ። የሕንፃው በር ከመከፈቱ በፊት ኃላፊነት የተሰጠው አንድ ሠራተኛ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ደረጃው ወደ ወለሉ የሚገባበትን ባለ ጥርስ ማበጠሪያ በባትሪ መብራት ይመልከት። አንድ ጥርስ እንኳ ከተሰበረ ኤስካሌተሩ አይነሣ፤ የሕፃን ጣት የሚያዘው እዚያ ክፍተት ላይ ነው። ማበጠሪያው በቁርጥራጭ የሚገጠም ስለሆነ መለዋወጫውን አስቀድሞ መጋዘን ውስጥ ማኖር ብልህነት ነው። በደረጃውና በጎን ግድግዳው መካከል ያለውንም ክፍተት ይይ። ኢኤን 115 በተባለው የአውሮፓ የኤስካሌተር ደኅንነት መስፈርት በአንድ ጎን ከ4 ሚሊ ሜትር፣ የሁለቱ ጎን ድምር ደግሞ ከ7 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም።

ከዚያ ማንም ሳይወጣበት ያስነሣውና ድምፁን ያዳምጥ። ቀጥሎ እጁን መደገፊያው ላይ አድርጎ እስከ ላይ ይውጣ። እጁ ወደ ኋላ እየቀረ ከሄደ መደገፊያው እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው፤ አረጋውያንን የሚጥለው ይህ ነው። በመጨረሻ ላይና ታች ያሉትን ቀይ የማቆሚያ ቁልፎች ተጭኖ ይሞክር።

ሁለተኛ፦ ጽዳት። የደረጃውን ቦዮች በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። ወለል ሲታጠብ ውኃው ወደ ማበጠሪያው እንዳይፈስ አደራ፤ ከሥር ገብቶ ሰንሰለቱንና ኩሽኔታውን ያዝገዋል። በየበሩ ምንጣፍ ማንጠፍ የጫማ ጭቃንና አሸዋን ይቀንሳል።

ሦስተኛ፦ የባለሙያው ሥራ። ሰው በሚበዛበት ሕንፃ በየወሩ ቢደረግ መልካም ነው። ኃይል ተቋርጦ ማብሪያው ከተቆለፈ በኋላ ደረጃዎች ተነቅለው ከሥር ያለው ጉድጓድ ይጸዳል፤ ሰንሰለቱ ዘይት ይቀባል፣ ውጥረቱም ይስተካከላል። ዘይት ማብዛት ግን አቧራ መሰብሰብ ነው። የፍሬን ሙከራ እንዳይዘለል፦ በሰከንድ 0.5 ሜትር የሚሄድ ባዶ ኤስካሌተር ከ0.20 እስከ 1 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ መቆም አለበት። ፈጥኖ ከቆመ ሰው ይጥላል፤ ከዘገየ ፍሬኑ አልቋል ወይም ላልቷል። አደጋ ሲኖር ኤስካሌተሩን የሚያቆመው የደኅንነት ማብሪያ «ያስቸግራል» ተብሎ በሽቦ ከተዘለለ ግን ያንን ሥራ አትረከቡ። በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም።

አራተኛ፦ የአገራችን ሁኔታ። መብራት ሲጠፋ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል፤ መቆራረጥ ሲበዛ ፍሬኑም ቶሎ ያልቃል። መብራት እንደመጣ ወዲያው አታስነሡት፤ በላዩ ሰው አለመኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የቆመውን ኤስካሌተር እንደ ተራ ደረጃ ከመጠቀም ይልቅ በአጥር ዝጉት፤ እርከኑ ከተለመደው ከፍ ስለሚል ያደናቅፋል። ለነጠላ ዘርፍ፣ ለረጅም ቀሚስና ለልጆች ለስላሳ የፕላስቲክ ጫማ የሚያስጠነቅቅ ምልክት በመግቢያው ላይ ለጥፉ። ትልቁን ጥገና ገና፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ገበያውን ከማጨናነቃቸው በፊት አስጨርሱ።

አምስተኛ፦ መዝገብ። ቀኑን፣ የታየውን፣ የተሰማውን ድምፅና መብራት የጠፋበትን ሰዓት ጻፉ። አንድ ዓይነት ድምፅ ሁለት ቀን ተከታትሎ ከተመዘገበ የወሩን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ባለሙያውን ጥሩ።