የሰፈር ታኬሪያን በሁለት ታኮ እንዴት መመዘን ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ታኬሪያ፣ ማለትም ታኮ የሚሸጥ የሜክሲኮ ምግብ ቤት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገቡ ዓይን የሚሄደው ወደ ትልቁ ሰሃን ነው፤ ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ የቀለጠ አይብ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ቤቱን ለመፈተን ግን ከዚህ የባሰ ትዕዛዝ የለም፤ አይብ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ሁለት ታኮ ይዘዙ (ታኮ ማለት ቶርቲያ በሚባል ስስ የበቆሎ ቂጣ ላይ ሥጋ ተደርጎ የሚታጠፍ ነው)፦ አንዱ ካርኔ አሳዳ፣ ማለትም የበሬ ጥብስ፣ ሌላው ቤቱ የታወቀበት። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከፊት የተሰለፉት ምን እንደሚያዙ መስማት ሜኑ ከማንበብ ይሻላል። ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ይደረግበት ወይ ለማለት «ኮን ቶዶ?» ይሉዎታል፤ እሺ ይበሉ።

በምሳ ግርግር ይሂዱ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ አሳዳው ተከትፎ በገዛ ውሃው ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ ጠርዙ መጥቆር ሲገባው ግራጫ ይሆናል።

ወረፋ ላይ ሳሉ ምጣዱን ይመልከቱ። አል ፓስቶር የሚባለው የአሳማ ሥጋ የሻዋርማ ዘመድ ነው፤ ወደ ሜክሲኮ የገባው ከሊባኖስ በሄዱ ስደተኞች በኩል ነው። የሚጠበሰው ትሮምፖ በሚባል ቀጥ ብሎ በቆመ ዘንግ ላይ ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ አናናስ ከላይ ተሰክቶበት ነው። እሳቱ እየነደደ፣ ሥጋው በስሱ እየተላጠ በቀጥታ ቶርቲያው ላይ ካረፈ ገንዘብዎን አልጣሉም። ዘንጉ ለጌጥ ቆሞ ሥጋው ከሳህን ከወጣ ግን የሚበሉት በቅመም የተዘፈዘፈ የምጣድ ጥብስ ነው። ሊጣፍጥ ይችላል፤ ፓስቶር ግን አይደለም።

ዋናው ፈተና ቶርቲያው ነው። በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ያድራል፤ ልጣጩ ይለቃል፣ ሊጡም ይያያዛል። ለገንፎ የሚፈጨው ተራ የበቆሎ ዱቄት ይህን አያደርግም፤ ቢጠፈጥፉት ይፈረካከሳል። ጥሩ ቶርቲያ አፍንጫ ሲያስጠጉት የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል፣ ፊቱ ላይ ወጥነት የሌለው ቡናማ ነጠብጣብ አለው። በእጅ የተጠፈጠፈው ጠርዙ ትንሽ የተዛነፈና ወፈር ያለ ነው፤ ዋጋውም ይጨምራል፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበውም አንድ ብቻ ነው። የፋብሪካው ስስ፣ ስፋቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሲሆን ሁለት ተደራርቦ ይመጣል። የፋብሪካ መሆኑ ነውር የለውም፤ ነውሩ ምጣድ ላይ በደንብ አለመሞቁ ነው። ቀዝቃዛ ቶርቲያ ሲታጠፍ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። በማይክሮዌቭ የሞቀው ደግሞ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ቆዳ ይሆናል። ሳልሳ፣ ማለትም የበርበሬ ማባያ፣ ያድርጉበት፣ ሁለት ደቂቃ ይተዉትና ያንሱት። ከስር ካልተቀደደ አልፏል። ሁለተኛውን ሽፋን ቀድመው አያንሱ፤ የሚፈሰውን የሚይዘው እሱ ነው፣ በተራረፈውም ሦስተኛ ታኮ ይወጣዋል።

ጾመኛ ወይም አሳማ የማይበላ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። «ሥጋ የለበትም» የሚለው መልስ አይበቃም። የተፈጨው ቦሎቄ ብዙ ቦታ በማንቴካ፣ ማለትም በአሳማ ስብ ይጠበሳል፤ የስንዴው ቶርቲያም ሊኖርበት ይችላል። ሩዙ በዶሮ መረቅ የተቀቀለ ሊሆን ይችላል። «ቲየኔ ማንቴካ?» ብለው ይጠይቁ። ካርኒታስ፣ ቾሪሶና ቡቼ አሳማ ናቸው፤ ሌንጓ የበሬ ምላስ ነው። የበሬውም ቢሆን ከአሳማው ጋር አንድ ምጣድ ሊጋራ ይችላል፤ ይህ የሚያሳስበው ሰው ባንኮኒው ጋ ሆኖ ማየት አለበት። ለጾም ኖፓሌስ፣ እሾሁ የተነሳለት የቁልቋል ቅጠል፣ ጥሩ ነው፤ አይብ እንዳይጨምሩበት ብቻ ይንገሯቸው።

ሳልሳዎቹን በጠብታ ይቅመሱ። ብርቱካናማውና ክሬም የሚመስለው ብዙ ጊዜ ክሬም የለበትም፤ ደረቅ ሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ከዘይት ጋር ተመትቶ ነው፣ ያቃጥላል። ቀጭኑ አረንጓዴ አቮካዶ ቢመስልም ዙኪኒ ሊሆን ይችላል።

ሂሳቡ ላይ እንምጣ። ታኮው 3 ዶላር ከ50፣ በትልቅ የስንዴ ቶርቲያ የሚጠቀለለው ቡሪቶ 12 ዶላር ነው እንበል። አንድ ታኮ ላይ ወደ 55 ግራም ሥጋ የተለመደ ነው፤ ሦስቱ በ10 ዶላር ከ50 ወደ 165 ግራም ይሰጡዎታል። ቡሪቶው ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ115 እስከ 140 ግራም ነው፣ የቀረው ሩዝና ቦሎቄ። ለሆድ ቡሪቶ፣ ለሥጋ ታኮ። ሥጋው ከቶርቲያው ጠርዝ ገብቶ መሃል ላይ ብቻ ከተከመረ ግን 3 ዶላር ከ50ም ውድ ነው።

ለመጠጥ ሃማይካ ይዘዙ፤ የኛው ከርከዴ ነው፣ በስኳር የቀዘቀዘ። ኦርቻታ የሩዝና የቀረፋ ነው፣ ወተት የሚጨምሩበት ስላሉ ጾመኛ ይጠይቅ። ስክሪኑ 18፣ 20፣ 25 በመቶ ቲፕ ቢያቀርብልዎ፣ ቆመው አዘው ሰሃንዎን ራስዎ ካነሱ ከዚያ ያነሰውን በእጅ መጻፍ ይቻላል።