ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ስታሳትሙ ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች

የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፌ 36 ገጽ ነበር። ማተሚያ ቤት ዋጋውን ሲነግሩኝ ደነገጥኩ። ሂሳቡን የሠራልኝ ልጅ ባዶ ወረቀት አንስቶ አጠፈው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «ይኸው 16 ገጽ። ሁለት ወረቀት 32 ይሆናል። ያንተ ትርፍ 4 ገጽ ግን የራሱን ፕሌት፣ ማለት የማተሚያ ሰሌዳ፣ ይፈልጋል ወንድሜ» አለኝ።

ገጽ ሳይቆጥሩ ማሣል

ባለ ቀለም ሥራ በኦፍሴት (በፕሌት በሚያትመው ማሽን) ሲታተም ለእያንዳንዱ የወረቀት ፊት አራት ፕሌት ይወጣል፤ ለአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ለየቀለሙ አንድ። 500 ኮፒ አሳተማችሁ 2,000፣ የፕሌቱ ወጪ ያው ነው። ስለዚህ ሠዓሊ ከመፈለጋችሁ በፊት ገጹን 16 ወይም 32 ላይ ወስኑ። እኔ አራቱን ገጽ ስቀንስ የተከፈለባቸው ሁለት ሥዕሎች አብረው ቀሩ።

«በመሰለህ መጠን ሥራው» ማለት

ሠዓሊ ነፃነት ይወዳል፣ እውነት ነው። የመጽሐፉን ስፋትና ቁመት ካልነገራችሁት ግን ጣጣው ለእናንተ ነው። ዳር ድረስ የሚሄድ ሥዕል በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ለመቁረጫ ትርፍ ይኑረው። የመጽሐፉን መሃል ደግሞ አትርሱ። በኔ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ላይ በተዘረጋ ሥዕል መሃል አንዲት አያት ቡና ያፈላሉ። ሲጠረዝ አፍንጫቸው ማጠፊያው ውስጥ ገባ። የእህቴ ልጅ ገና እንዳየችው «አፍንጫቸውስ?» አለችኝ።

ሥዕሉን በቴሌግራም እንደ ፎቶ መቀበል

ቴሌግራም ፎቶውን ይጨምቀዋል። ስልክ ላይ ያምራል፣ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። «ፋይል አድርገህ ላክልኝ» በሉት፤ በመጽሐፉ ልክ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። በስልክ የሚያበራው አረንጓዴም በቀለም ሲታተም እንደዚያ አያበራም። ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ገጽ አሳትማችሁ እዩ።

ፊደል ሥዕሉ ውስጥ አታስገቡ። ርዕሱ ከሥዕሉ ጋር ተጣብቆ «ፀሐይ» በ«ጸ» ቢጻፍ፣ ለአንድ ፊደል ብላችሁ ሠዓሊውን ትለምናላችሁ። የጀርባ ሽፋኑ ላይም ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ለምታወጡት አይኤስቢኤን፣ ለመጽሐፉ መለያ ቁጥር፣ ባዶ ቦታ ይተውላችሁ።

«ኋላ እንተሳሰባለን»

ስንት ወዳጅነት ያፈረሰች ቃል ናት። ብዙዎቻችን ገንዘብ ሲያጥረን ለሠዓሊው «ከሽያጩ 10 በመቶ» እንለዋለን። የምን 10 በመቶ? መጽሐፉ 300 ብር ነው እንበል። አከፋፋዩ 35 በመቶ ከወሰደ 195 ይቀራል። ማሳተሚያው በፍሬ 150 ብር ከሆነ እጃችሁ ላይ 45 ብር አለች። ሠዓሊው ከመጽሐፉ መሸጫ ዋጋ ከሆነ ያሰበው 30 ብር ይጠብቃል። እናንተ ከተራፊው ከሆነ ያሰባችሁት 4 ብር ከ50 ትሰጡታላችሁ። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም፣ ግን ትጣላላችሁ። በዚያ ላይ አከፋፋዩ የሚከፍለው ሲሸጥለት ነው።

እኔ አሁን ቁርጥ ዋጋ ነው የምነጋገረው። ቀብድ፣ ንድፉ ሲጸድቅ ሁለተኛ ክፍያ፣ መጨረሻው ፋይል ሲመጣ ቀሪው። እርማት ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ በላይ ተጨማሪ ክፍያ አለው። አንድ ገጽ ውል ይበቃል። ሥዕሉን ለሁለተኛ እትም፣ ለፖስተር፣ ለቲሸርት መጠቀም ይቻል እንደሆነ እዚያው ይጻፍ። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) የኢኮኖሚ መብትና የሞራል መብት ብሎ ለይቶ ነው የሚያየው። ገንዘብ ከፈልኩ ብላችሁ የሠዓሊውን ስም መተው አትችሉም። እኔማ ሽፋኑ ላይ ካልወጣ ይከፋኛል፤ የልጆች መጽሐፍ ግማሹ የሱ ነው።

የቆየ ፕሮፎርማ ይዞ መተኛት

ወረቀትና ቀለም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ሠዓሊው አራት ወር ከዘገየ የድሮው ዋጋ የለም። ፕሮፎርማውን ሥዕሉ ሊያልቅ ሲል እንደገና አስወጡ።

«ብዙ ሲሆን ይረክሳል»

የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል፣ ልክ ነው። አጠቃላይ ወጪው ግን አይቀንስም፣ ማስቀመጫም ይፈልጋል። የኔ ቀሪዎች አልጋ ሥር ናቸው። ቤት ልጅ ሲመጣ አንዱን አውጥቼ እሰጠዋለሁ። አያቲቱ ጋ ሲደርስ ገጹን በሁለት እጁ ገልበጥ አድርጎ አፍንጫቸውን ይፈልጋል።