ከአንጀት ካንሰር ሕክምና በኋላ አዲስ ሕመም ሲመጣ እንዴት መከታተል ይቻላል

አጎቴ ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት። የትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ሲል ወገባቸውን ያማቸው ጀመር። እኛም «ደሴ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ብርድ መትቶዎት ነው» አልናቸው። ቅባት ተቀቡ፣ ማስታገሻ ዋጡ። ሐኪም ዘንድ የሄዱት ከወር ተኩል በኋላ ነው። ያኔም ስለ ድሮው ቀዶ ሕክምና የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም አላነሱትም። ካንሰሩ አከርካሪያቸው ላይ መድረሱ የታወቀው ከዚያም ቆይቶ ነው። ሌላ ቤተሰብ ያንን ጊዜ እንዳያጣ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ በሽታው የት የት እንደሚሄድ እንወቅ። ከአንጀት የሚወጣው ደም በቀጥታ ጉበት ስለሚገባ ካንሰሩ ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሳንባና የሆድ ዕቃ ሽፋንም የታወቁ ቦታዎች ናቸው። ብዙ ሰው የማይጠብቃቸው ግን አሉ፦ አጥንት፣ አንጎል፣ ኦቫሪ ማለትም የሴቷ እንቁላል ማምረቻ፣ ቆዳ። እምብርት ላይ የምትወጣ ጠንካራ እብጠት እንኳ ምልክት ልትሆን ትችላለች። አጥንት ላይ ቢገኝም በሽታው የአንጀት ካንሰር ነው፤ ሕክምናው የሚመረጠውም በዚያው ነው።

ቀጥሎ ወረቀቶቹን ሰብስቡ። የቀዶ ሕክምናው ማጠቃለያ፣ የባዮፕሲ (የናሙና ምርመራ) ውጤት፣ የተሰጡት የኬሞ መድኃኒቶች ስም፣ የሲቲ ስካን ፊልም፣ ሁሉም በአንድ ፌስታል ይቀመጡ። በስልክም ፎቶ አንሷቸው። አዲስ አበባ ታክሞ ደሴ ለሚከታተል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካርዱ እዚያ ነው፣ ሕመሙ እዚህ።

አዲስ ሕመም ሲመጣ ቀኑን ጻፉ። ሌሊት ይቀሰቅሳል? በእረፍት አይሻልም? ክብደት እየቀነሰ ነው? እርግጥ ብዙው የወገብ ሕመም ከካንሰር ጋር አይገናኝም፣ ስለዚህ አትደንግጡ። ግን ሕመሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እስከዚያው ወጌሻ ጋ አትሂዱ! ይህን አጥብቄ እለምናለሁ። ካንሰር የበላው አጥንት ሲታሽና ሲጎተት ሊሰበር ይችላል።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ የመጀመሪያው ቃል «የአንጀት ካንሰር ታክሜ ነበር» ይሁን። «ወገቤን» ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሲኢኤ የሚባለው፣ የአንጀት ካንሰር ሲኖር ብዙ ጊዜ ቁጥሩ የሚጨምረው የደም ምርመራና ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ሲኢኤ ብቻውን አይበቃም፤ ካንሰሩ ተመልሶም ቁጥሩ ላይጨምር ይችላል። እብጠት ከተገኘ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚለየው ብዙ ጊዜ የናሙና ምርመራ ነው። መደበኛው ክትትልም አይቋረጥ። በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ ነው።

እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልታዘዝ ካለ፣ ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር ከመጣ፣ ሰውየው ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ፣ ነገ አይባልም። ነርቭ ተጭኖ ከቆየ እግር ላይመለስ ይችላል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊትም ቢሆን ኮንትራት ያዙና ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ፌስታሉን እንዳትረሱ።