እስክንድርያ ለምትሄዱ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

ካይሮ ዘመድ ልትጠይቁ ሄዳችሁ እስክንድርያ ብቅ ካላችሁ፣ ታክሲውን "ወደ መብራት ማማው" አትበሉት። በጥንት ጊዜ መርከቦችን በብርሃን ይመራ የነበረው ዝነኛው ማማ ዛሬ የለም። በ1303 እና በ1323 እ.ኤ.አ. የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ጎድቶታል። "ቃይትባይ" በሉት፤ ይበቃል። ሱልጣን ቃይትባይ በ1470ዎቹ ምሽጉን የሠራው ማማው በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ወሩን ግን አስቡበት። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ዶፍ ነው፤ እዚያ ደረቅ ነው፣ ለዋና የመጣ ሰው የባሕሩን ዳር ያጥለቀልቀዋል። ዝናቡና ማዕበሉ የሚበረታው በታኅሣሥና በጥር ነው። "የጦሳን ብርድ የለመደ ምን ይሆናል" ብላችሁ ጃኬት እንዳትተዉ። የባሕሩ ንፋስ እርጥብ ነው፤ አጥንት ድረስ ይገባል። እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ ሙቀቱም ሰዉም ቀለል ይላል።

በጠዋት ሂዱ፣ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። ከምሽጉ አጠገብ ባሕሩ ውስጥ ጠላቂዎች በ1990ዎቹ ያጠኗቸው ግዙፍ ድንጋዮች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከፈረሰው ማማ የወደቁ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ከላይ ሆናችሁ አታዩዋቸውም። ከውኃው የወጡትን ጥንታዊ ቅርሶች ለማየት ኮም ኤል ዲካ፣ የሮማውያን ቲያትር ያለበት ግቢ ጎራ በሉ። በተለይ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እንዳያመልጣችሁ።