የፒካፕ ጋቢና ጩኸት፦ ድምፁን ሳታገኙ ብር አታውጡ

ያገለገለ ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዝቼ የመጀመሪያውን ሳምንት በደስታ ነዳሁት። ከተማ ውስጥ ነበርኩ፣ ከ50 አላለፍኩም። ከዚያ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ወጣሁና ፍጥነቱ 90 ሲገባ አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴ የምትለኝን መስማት አቃተኝ። የሚጮኸው አንድ ነገር አይደለም። ፉጨት አለ፣ ጉርምርምታ አለ፣ ከኋላ ደግሞ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል። ሰው ስጠይቅ ሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ "የድምፅ መከላከያ አስለጥፍ!" አስለጠፍኩ። ወንበር ተፈታ፣ ምንጣፍ ተነሳ፣ ብሩም ወጣ። ጩኸቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከወራት በኋላ ፖርቶመጋላውን ለማስቀባት ሳወርደው ፉጨቱ አብሮት ወረደ።

አራት ብሎን ነበር ነገሩ።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም መኪና ድምፅ ሳድን ቆይቻለሁ፣ እዚህ የምጽፈው ያንን ነው። ግን አስቀድመን እንተማመን። ፒካፕ አውቶሞቢል አይሆንም። ሃይሉክስም ሆነ ዲማክስ፣ ጋቢናው ሻንሲ ላይ በጎማ ትራስ ተቀምጦ፣ ኋላው በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች፣ ተይዞ ለጭነት የተሠራ ነው። ባዶውን ሲሄድ ባሌስትራው የሚሸከመው ስለሌለ ይዘላል። የናፍጣ ሞተርም ዝም አይልም። የምንፈልገው ሳንጮህ ማውራት እንድንችል ብቻ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ ምንን እንደሚከተል እዩ

ጋቢናውን ባዶ አድርጉት። ሙሉ በሙሉ። የበር ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲም፣ ከወንበር ስር የገባ የውሃ ጠርሙስ፣ የመነጽር ቤት፣ ሁሉም ይውጣ። ክሪኩንም አትርሱት። በብዙ ፒካፖች ከኋላ ወንበር ስር ወይም ጀርባ ነው የሚቀመጠው፣ ከላላ ደግሞ ኮረኮንች ላይ እንደ ደወል ይመታል። መፍትሄው ቀላል ነው፤ ቦታው ላይ እንዳለ ጥርሱን በእጅ ትንሽ አዙሩትና ማቀፊያው ውስጥ ይጥበቅ።

ከዚያ መኪናውን ሌላ ሰው ይንዳው፣ እናንተ ከኋላ ተቀመጡ። መሪ የያዘ ሰው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ በደንብ አይለይም፣ ሐሳቡ መንገዱ ላይ ነው። መሆንም አለበት።

አሁን ሦስት ሙከራ። አንደኛ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩን እስከ 2500 ዙር ከፍ አድርጉት። ድምፁ ቆሞም ከተሰማ ጥፋቱ ያለው ሞተር፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ወይም ከነሱ ጋር የተያያዘ ነገር ላይ ነው፤ ጎማና ንፋስ ከጥርጣሬ ወጡ። ሁለተኛ፣ ክፍት መንገድ ላይ በ60 ሂዱ፣ አንዴ በሦስተኛ ማርሽ፣ አንዴ በአራተኛ። ፍጥነቱ አንድ ሆኖ ድምፁ ከማርሹ ጋር ከተቀየረ አሁንም ወደ ሞተር ነው። ካልተቀየረ ከጎማ፣ ከኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ)፣ ከትራንስሚሲዮን (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ) ወይም ከንፋስ አንዱ ነው። ሦስተኛ፣ በዚያው ፍጥነት ከለስላሳ አስፋልት ወደ ሻካራ አስፋልት ተሻገሩ። ድምፁ አብሮ ከተቀየረ ጎማ ነው ማለት ይቻላል። አንድ አደራ፣ ለሙከራ ብላችሁ እየሄዳችሁ ሞተር እንዳታጠፉ። መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ረዳቱን ያጣል፣ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

"ከ80 በላይ ያፏጫል"

ንፋስ ነው። ግን በየት በኩል?

ፖርቶመጋላ ካላችሁ አውርዱትና አንድ ጊዜ ንዱ። ይኼን ቀድሜ ባደርገው ኖሮ ስንት ብር ይተርፈኝ ነበር! የሚያስፈልጋችሁ ከሆነና ማውረድ ካልቻላችሁ፣ አግዳሚ ብረቶቹ ላይ ወፈር ያለ ገመድ እንደ እባብ ጠምጥሙባቸው፣ ስንዝር ስንዝር ያህል እያራራቃችሁ። ሞኝነት ይመስላል። ግን ንፋሱ በክብ ብረት ላይ ሲያልፍ እኩል እኩል እየተቆራረጠ ስለሆነ የሚያፏጨው፣ ገመዱ ያንን ሥርዓት ያፈርስበታል። የሬዲዮ አንቴናም በዚሁ ምክንያት ያፏጫል።

ፖርቶመጋላ ከሌላችሁ ወደ በሮቹ እንሂድ። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ግዙ። የአንዱን በር ዙሪያ ክፍተት ከውጭ ለጥፉበትና ንዱ፣ ከዚያ አንስታችሁ ቀጣዩን በር፣ ቀጥሎ የስፖኪዮውን ሥር፣ ቀጥሎ የፊት መስታወቱን ጠርዝ። ፉጨቱ የጠፋው የትኛው ሲለጠፍ ነው? አንድ ላይ ከለጠፋችሁት ግን ምንም አላወቃችሁም ማለት ነው፣ አንድ በአንድ ነው ጨዋታው። ሙከራውንም ንፋሱ በተመሳሳይ አቅጣጫ በሚነፍስበት ቀን ጨርሱት፣ የጎን ንፋስ ያታልላል።

በሩ ከታወቀ አንድ የብር ኖት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። እየታገለ ከወጣ የበሩ ጎማ ይዟል፤ ሸርተት ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ክፍተት አለ። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ይቀየር። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ በሜትር የሚሸጥም አለ፣ ግን ቅርጹን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፣ ከወፈረ በሩ አልዘጋ ይላችኋል። ጎማው ደህና ሆኖ ክፍተት ካለ ደግሞ በሩ ራሱ ሳይጣመም አይቀርም፣ በተለይ መኪናው ተጋጭቶ የተሠራ ከሆነ። የበሩ ቁልፍ የሚነክሰው ምሰሶው ላይ ያለው ብረት በብሎን የታሰረ ነው፤ ላላ አድርጎ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ መግፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከመንካታችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት።

"ጉርምርም ይላል፣ ስፈጥን ይብሳል"

ሰው በብዛት ብር የሚያባክነው እዚህ ጋር ነው፣ ምክንያቱም ጎማና ኩሽኔታ ድምፃቸው ወንድምና እህት ነው።

ጎማውን በእጃችሁ ዳሱት። መዳፋችሁን በጥርሶቹ ላይ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አሳልፉ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከቧጨራችሁ ጎማው እኩል አልተበላም፣ የሚያጉረመርመውም እሱ ነው። ጎድጎድ ብሎ በቦታ በቦታ የተበላ ከሆነ ደግሞ ሾኮቹን ጠርጥሩ፤ ሾክ ሲደክም ጎማው መሬት ላይ እየነጠረ ነው የሚሄደው። አላይመንትና ባላንስ ሳታስተካክሉ አዲስ ጎማ ብትገጥሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ናችሁ። ለማረጋገጥ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዘዋውሩና ንዱ። ድምፁ ቦታ ከቀየረ ጥፋተኛው ተያዘ። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ብታዘዋውሩት ከመጀመሪያውም እዚህ አትደርሱም።

ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ ካላችሁ ግን ፍለጋው አበቃ። እሱ ሥራው ነው መጮህ። አዲስ አበባ ውስጥ እየዋሉ የጭቃ ጎማ ማድረግ ለመልክ ካልሆነ ጥቅሙ አይታየኝም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የጎማ ንፋስም እዩ። ብዙ ጎሚስታ ለፒካፕ ሲሉ ያለ ልክ ይነፋሉ። ትክክለኛው ልክ ሾፌር በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተጽፏል፣ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። ያለ ልክ የተነፋ ጎማ እያንዳንዷን ጠጠር ወደ ጋቢና ያስገባል።

ኩሽኔታ ከሆነ ምልክቱ መሪ ላይ ነው። ባዶ መንገድ ላይ በ60 እየሄዳችሁ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አድርጉ። ወደ ግራ ስትሉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ጩኸቱ ከጨመረ የቀኙን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ወደ ቀኝ ሲሆን ከጨመረ የግራውን። ከዚያ መኪናውን በክሪክ አንሱ፣ ሌሎቹ ጎማዎች ስር ታኮ ይግባ። የተነሳውን ጎማ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተጫወተ ወይም ሲሽከረከር እጃችሁ ላይ ሸካራ ስሜት ከሰጠ፣ ይኼ ከእንግዲህ የድምፅ ጉዳይ አይደለም። ጎማ ሊወልቅ የሚችል ነገር ነውና ቀጠሮ አትስጡት።

የእኔ ጉርምርምታ ጎማ ነበር። አራቱንም ቀየርኩ፣ የአስፋልት ጎማ አደረግሁ፣ ከለጠፍኩት መከላከያ ሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው እሱ ነው።

"ስነሳ ወይም ማርሽ ስቀይር ጓ ይላል"

ክሮቼራ። ከትራንስሚሲዮኑ ጋር የሚያያዘው መስቀልያ ግራሶ ሲያልቅበት ይበላል፣ ከዚያ ክፍተቱን በየመነሳቱ ይመታዋል። ሞተር አጥፉ፣ ጎማ ስር ታኮ አድርጉ፣ ማርሽ አውጡ፣ ከስር ገብታችሁ ዘንጉን በእጅ ወዲህ ወዲያ አዙሩት። መስቀሉ ላይ ክፍተት ካያችሁ ይቀየር። ክፍተት ከሌለ ግራሶ አስሞሉት፣ አንዳንዴ በዚያው ያበቃል። ከጓታው ጋር ከ70 በላይ ወለሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩት።

"ጉብታ ላይ ከኋላ ሲጥጥ ይላል"

ባሌስትራው ላይ ውሃ አርከፍክፉበትና ያንኑ ጉብታ ድገሙት። ሲጥታው ለጊዜው ከጠፋ አገኛችሁት፤ ቅጠሎቹ ደርቀው እርስ በርስ እየተፋጩ ነው፣ ወይም ጎሚኒዎቹ (ማያያዣዎቹ ላይ ያሉት የጎማ ትራሶች) አልቀዋል። ቅጠሎቹ መሀል የገባው ጭቃና ዝገት ይታጠብ፣ ጎሚኒ ከተበላ ይቀየር፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ትልልቅ ብሎኖችም ይጥበቁ። ላቫጆ ላይ "ከስር በተቃጠለ ዘይት እንርጨው?" ሲሏችሁ እምቢ በሉ። ለሁለት ቀን ዝም ያሰኛል፣ ከዚያ ዘይቱ ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሸዋል፣ አቧራውንም ይሰበስባል። ጎማ ነክ ነገር ላይ የሚረጨው ሲሊኮን ነው።

"ቆሞም ይንዘረዘራል"

መጀመሪያ ታርጋውን ያዙት። እውነቴን ነው፣ አንድ ጓደኛዬ ሞተር ሊያስፈታ ጋራዥ ቀጠሮ ይዞ ነበር፣ ታርጋ ሆኖ ተገኘ። ከጀርባው ቁራጭ ጎማ ማድረግ ይበቃል። ቀጥሎ ማርሚታው ላይ ያለችው ሙቀት መከላከያ ላሜራ፤ ማሰሪያዋ ሲዝግ በተወሰነ ዙር ላይ ብቻ እንደ ጥሩምባ ትንዘረዘራለች። ማርሚታው ሲቀዘቅዝ ነካ ነካ አድርጓት፣ ከላላች በትልቅ ፋሼታ እሰሯት። ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ጋቢናውን በሙሉ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ግን የሞተር ጎሚኒ ነው፣ መካኒክ ይየው።

ጠዋት ሲነሳ ጨቅ ጨቅ የሚልና ስትጭኑት የሚብስ ድምፅ ካለ፣ ማርሚታው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን (መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ተንፍሶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ አትቀልዱ። የሚወጣው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ ሽታ የለውም፣ ጋቢና ከገባ ራስ ያዞራል፣ ይገድላልም።

ሞተሩ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ድምፁ በብዛት ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ማታ ኮፋኖውን ክፈቱና ኃይለኛ መብራት ሞተሩ ጋር አብሩ። ጋቢና ገብታችሁ ከዳሽቦርዱ ስር ተመልከቱ። ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ድምፅ ይገባበታል። አላርም ወይም ቴፕ የገጠመ ሰው ሽቦ አሳልፎ ቀዳዳውን ክፍት ትቶት መሄዱ የተለመደ ነው። ለቀዳዳው ልክ የሆነ የጎማ ውታፍ ግዙለት።

አሁን መከላከያ ማስለጠፍ ይቻላል

ይኼ ሁሉ ከተፈተሸ በኋላ የሚቀረው የላሜራ ድምፅ ነው። ላሜራውን በጣታችሁ አንኳኩ፣ እንደ ጣሳ የሚጮኸው ላይ ነው የሚለጠፈው። ደብል ጋቢና ላይ ትልቁ ቦታ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው፤ ቀጭን ነው፣ ከካሶኒው (ከጭነት ቦታው) ጋር ፊት ለፊት ነው፣ ብዙ ጊዜም ባዶውን ነው ያለው። ቀጥሎ በሮቹና የፊት ወለሉ። ሁሉንም መሸፈን አያስፈልግም፣ ላሜራው እንዳይርገበገብ ከስፋቱ ሩብ እስከ ሲሶ ቢለጠፍ ይበቃል። ለጣሪያ ውሃ መከላከያ የሚሸጠውን ሬንጅ "ያው ነው" ብለው ከሰጧችሁ አትቀበሉ፣ ፀሐይ ላይ ሲውል ጋቢናው ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል። ለመኪና የተሠራው ቡቲል የሚባለው ተለጣፊ ጎማ ነው።

ሁለት ነገር ግን አትድፈኑ። የበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የውሃ መውጫ ናቸው፣ ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። ጋቢናው ጀርባ ላይ ያለው የአየር መውጫም እንዲሁ፤ እሱን የደፈነ ሰው በር ለመዝጋት ማላተም ይጀምራል፣ በክረምትም መስታወቱ ጉም አልለቅ ይለዋል።

ያ ከኋላ ቀጭ ቀጭ የሚለው? ወራት ፈጀብኝ። ባሌስትራ አየሁ፣ ስፖንዳውን (የካሶኒውን መዝጊያ) አጠበቅሁ፣ ክሪኩን አወጣሁ። በመጨረሻ ከኋላ ተቀምጬ ስሄድ አጠገቤ ሲመታ ሰማሁት፤ የኋላ ወንበሩ ቀበቶ ብረት ነው፣ ባዶ ሲሆን እየተወዛወዘ ፕላስቲኩን ይመታል። አሁን ከኋላ ሰው ከሌለ ቀበቶውን አስሬው ነው የምሄደው።