የድሮ አንቴና ስታድስ ቡሎን አመራረጥ
ያጊ አንቴናህን (አንድ ዘንግ ላይ የአሉሚኒየም ቱቦዎች የተደረደሩበትን) አውርደህ ልታድስ ከሆነ የዛጉትን ቡሎኖች በሙሉ ጣል፣ አትሳሳ። አብረቀረቀ ብለህ ስቴይንለስ (የማይዝግ ብረት) ነው እንዳትል፣ ዚንክ የተቀባ ብረትም ያብረቀርቃል፣ ማግኔት አስጠጋው፣ ጥብቅ አርጎ ከያዘው ተራ ብረት ነው፣ ስቴይንለሱን ወይ አይዘውም ወይ ለስለስ አርጎ ነው ሚይዘው። ራሱ ላይ ኤ2 ሚል ከተፃፈበት 304 ሚሉት የስቴይንለስ ዓይነት ነው፣ አዲሳባ ላይ ይበቃል፣ ባህር ዳርቻ አካባቢ ግን፣ ጂቡቲም በለው ዱባይ፣ ኤ4 ማለትም 316 ግዛ ጨው ስላለ። የመዳብ ሽቦ አሉሚኒየሙ ላይ በቀጥታ እንዳታስር፣ እርጥበት ካገኛቸው አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል፣ መሀላቸው የስቴይንለስ ሮንዴላ አስገባ። ደሞ ስቴይንለስ ዳዶ ስቴይንለስ ቡሎን ላይ በፍጥነት ካጠበከው ተናክሶ ይቀራል (እኔ አንዱን በመጋዝ ነው የገላገልኩት)፣ ጥርሱን አንቲሲዝ ሚባለውን ቅባት ትንሽ ቀብተህ ቀስ እያልክ በእጅ ቁልፍ አጥብቅ።